ባዶ ቤት ባለቤት የሌለው ቤት አይደለም

ቢስሚላህ።



ልማት ወደ አንድ ሰፈር ሊገባ ሲል አንድ ቃል ይቀድመዋል፤ «ባዶ» የሚል ቃል። «ቤቱ ባዶ ነው፣ አርጅቷል፣ ለከተማዋ ገጽታ አይመጥንም» ይባላል። ይህ ከተባለ በኋላ ስለ ቤቱ የሚጠይቅ ሰው ያንሳል። ማን ሠራው? ማን ኖረበት? ለምን ተዘጋ? ቁልፉ በማን እጅ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ግድግዳው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ የሚቀረው የማሽኑ ተራ ነው።

ከአዲስ አበባ የተነሳው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ተሻግሮ ጎንደርም ደርሷል። መንገዶች እየሰፉ፣ የመንገድ ዳር ገጽታዎች እየተለወጡ ነው። ለዓመታት ሲጮኽለት የኖረው የፋሲል ግቢም ጥገና አግኝቷል። መልካሙን መልካም ማለት ግዴታችን ነውና ለዚህ ምስጋናችንን አንነፍግም። የቤተ መንግሥቱ ድንጋይ በጥንቃቄ እየተጠገነ የሕዝቡ ድንጋይ «ባዶ» በሚል ስም የሚናድ ከሆነ ግን ከከተማዋ ታሪክ ግማሹ ብቻ ይቀራል። የነገሥታቱ ጎንደር ቆማ የነጋዴው፣ የሸማኔው፣ የዓሊሙና የደረሳው ጎንደር ትጠፋለች።

ስለዚህ አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። በአዲስ ዓለምና በሌሎች የጎንደር ነባር ሰፈሮች ተዘግተው የቆሙ አሮጌ ቤቶች ታሪካቸውና ባለቤትነታቸው ሳይጣራ መፍረስ የለባቸውም። ሊጠገኑ የሚችሉት ደግሞ ተጠግነው ለትምህርት፣ ለመኖሪያና ለወቅፍ መዋል አለባቸው። ይህ ጥያቄ ግማሹ ለመንግሥት፣ ግማሹ ለራሳችን የሚቀርብ ነው።

ሰፈራችን እንዴት ሰፈራችን ሆነ?

አዲስ ዓለምን የማያውቅ የጎንደር ሙስሊም የለም። ሰፈሩ እዚያ ቦታ ላይ ለምን እንደተገኘ የሚያውቀው ግን ብዙ አይደለም። ጎንደር በአፄ ፋሲል ዘመን ስትቆረቆር ሙስሊሙ ከሌላው ነዋሪ ጋር ተቀላቅሎ ይኖር ነበር። ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ ከነገሡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገ ጉባኤ፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ውሳኔው ቤተ እስራኤላውያንንም ይመለከት ነበር። ሙስሊሙ ወደ ቀሃ ወንዝ ወረደ፤ ሰፈሩም «እስላም ቤት» ተባለ። ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ያንን ነው።

ልብ በሉ! ሰፈሩን የመረጥነው እኛ አይደለንም። አባቶቻችን ግን የተሰጣቸውን ቦታ የቅጣት ቦታ አድርገው አልተዉትም። ከዚያው ሆነው ወደ ምፅዋ፣ ወደ መተማና ወደ ስናር የሚሄደውን የቅፍለት ንግድ መሩ። ሽመናውን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ከወንዙ ዳር የሚኖሩት ሙስሊሞች የንጉሡንና የመኳንንቱን የዘመቻ ድንኳንና ጓዝ የሚጠብቁ ታታሪ ሰዎች እንደነበሩ ጽፏል። አብሯት እንዳይኖር የተባለው ሕዝብ ከተማዋን በእጁ ይዞ ያቆማት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው መከራ ለማንም አላደላም። እ.ኤ.አ. በ1866 አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሏት፤ ቤተ ክርስቲያኖቿም አልተረፉም። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲቀይር ተገደደ፤ ብዙዎች አገር ጥለው ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ የሱዳን መህዲስቶች ጦር ገብቶ የክርስቲያኑን ቤተ አምልኮ አነደደ። ይህንን የምንጠቅሰው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። አንዱ የሌላውን ቤት ማቃጠሉ ለማንኛውም ሃይማኖት ክብር ሆኖት እንደማያውቅ ጎንደር ከማንም በላይ ምስክር ስለሆነች ነው።

ዛሬ በአዲስ ዓለም የምናያቸው ቤቶች ሁሉ የዚያ ዘመን ናቸው አንልም። ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ናቸው። የሰፈሩ አቀማመጥ ግን፣ ቤት ከመስጂድ፣ ሱቅ ከመኖሪያ፣ ግቢ ከግቢ ተጠጋግቶ የቆመበት መልክ፣ ያ ሁሉ መከራ ያላጠፋው ማስረጃ ነው። በድንጋይ ላይ የተጻፈ የይዞታ ማረጋገጫ ልንለው እንችላለን።

ይህ ማስረጃ ደግሞ ጠባቂው ጥቂት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የጎንደርን ቅርሶች በዓለም መዝገብ ሲያሰፍር ፋሲል ግቢን፣ የፋሲልን መዋኛ፣ ቁስቋምን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ከከተማዋም ውጪ እነ ጉዛራን አካቷል። ይገባቸዋል። አዲስ ዓለም ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሰፈራችን ሲነካ ከፓሪስ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። የሚጠይቅ ካለ የሚጠይቀው እዚያው ሰፈር የሚሰግደው ሰው ነው።

ቤቶቹ ለምን ባዶ ሆኑ?

አሮጌ ቤት በራሱ ጊዜ ባዶ አይሆንም። ያወጣው ነገር አለ። በእኛ ከተማ የምናያቸው ምክንያቶች በዋነኛነት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሕግ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ መሬትን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ሰውም ሆነ ድርጅት ከተፈቀደለት በላይ ያለውን ቤት ያለ ካሳ አጣ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያ ቤቶች ጣሪያቸው ሲያፈስ የሚያድሳቸው ጠፋ። ተከራዩ «የራሴ አይደለም» ይላል፣ ቀበሌው «በጀት የለኝም» ይላል፣ የቀድሞው ባለቤት ከበር ቆሞ ያያል። ቤቱ በመጨረሻ ለመኖሪያ ሳይሆን ሲቀር ተከራዩ ይወጣል፤ ያኔ «ባዶና አሮጌ» የሚል ስም ይወጣለታል። ሃምሳ ዓመት ሳይጠግን የኖረ አካል ቤቱን በማርጀቱ ሊከሰው አይገባም።

ሁለተኛው ውርስ ነው። አባት ወደ አኼራ ይሄዳል፤ ከልጆቹ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ጅዳ፣ አንዱ ዋሽንግተን ነው። ውርሱ በጊዜው አይከፋፈልም። «ወንድሜ ሲመጣ»፣ «ሰላም ሲሆን»፣ «ዋጋው ሲጨምር» እየተባለ ቤቱ ይቆለፋል። ቁልፉ ይዝጋል፣ ጣሪያው ይቀዳደዳል፣ የሴት ልጅ ድርሻ ተረስቶ ይቀራል። አላህ የእያንዳንዱን ወራሽ ድርሻ ለይቶ በቁርኣን የደነገገው እኮ ይህ እንዳይሆን ነው! ያልተከፋፈለ ውርስ ሁለት በደል ይወልዳል፤ በሐቁ ባለቤት ላይ አንድ፣ በቤቱ ላይ አንድ።

ሦስተኛው ስጋት ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014፣ በረመዳን፣ በአንድ ዓሊም የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተከፈተው ጥቃት በከተማችን ከ20 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ መስጂዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ንብረት ተዘረፈ። ቤቱና ሱቁ የተዘረፈበት ሰው ተመልሶ በሩን ለመክፈት ገንዘብ ብቻ አይበቃውም፤ ልብም ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን የተዘጋ በር አይቶ «ጥቅም የማይሰጥ ይዞታ» ብሎ መመዝገብ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ሦስቱንም ስናያቸው አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። «ባዶ» የሚለው ቃል የቤቱን ሁኔታ እንጂ የባለቤቱን መብት አይናገርም።

ዲናችን ስለ አሮጌ ግድግዳ ምን ያስተምረናል?

በየጁሙዓው የምንቀራው ሱረቱል ከህፍ ውስጥ የሙሳና የኸዲር ታሪክ አለ። ሁለቱ እንግዶች ምግብ ወደ ነፈጋቸው አገር ሰዎች ደረሱ፤ በዚያች ከተማ ሊወድቅ ያዘነበለ ግድግዳ አገኙ። ኸዲር ያለ ምንም ክፍያ አቀናው። ሙሳ (ዐ.ሰ) ተገረሙ። በኋላ ሲገለጥ ከግድግዳው ሥር የሁለት የቲሞች ሀብት ተቀብሮ ነበር፤ አባታቸውም ደግ ሰው ነበር። ግድግዳው ቢወድቅ ሀብቱ ይገለጣል፣ ልጆቹ ሳያድጉም ይወሰዳል።

ይህ ታሪክ ስለ አላህ ጥበብ የሚያስተምረው ብዙ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን አንድ ነጥብ እንያዝ። ላዩን ብቻ ላየው ሰው ያ ግድግዳ ያረጀና የዘመመ ነበር። ከሥሩ የማን ሐቅ እንዳለ ለሚያውቀው ግን መጠገን ያለበት አማና ነበር። ልዩነቱ ያለው በማወቅ ላይ ነው። ከማፍረስ በፊት ማወቅ ይቀድማል።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከመዲና እንውሰድ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂዳቸውን የሠሩበት ቦታ የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል፣ የተምር ማስጫ ነበር። ልጆቹ በነጻ እንስጥ አሉ። ነቢዩ ግን ዋጋውን ሳይከፍሉ አልወሰዱም። ቦታው ላይ ፍርስራሽና አሮጌ መቃብሮችም ነበሩ፤ እነዚያ ተነስተው ቦታው ተስተካከለ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ለመስጂድ ሥራ እንኳ የየቲም መሬት ያለ ዋጋ አይወሰድም፤ እንኳንስ ለመናፈሻና ለእግረኛ መንገድ! ሁለተኛ፣ እስልምና አሮጌ ስለሆነ ብቻ ማንኛውንም ፍርስራሽ አይነካ አይልም። ሐቁ ይከበር እንጂ የሚነሳው ይነሳል።

ሦስተኛው ወቅፍ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ምን እንደሚያደርጉት ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያማክሩ፣ ንብረቱ ራሱ ሳይሸጥ፣ ሳይወረስና በስጦታ ሳይተላለፍ ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመድና ለመንገደኛ እንዲውል አደረጉት። ወቅፍ ማለት ይህ ነው። አሮጌ ቤትም ለወቅፍ የተመቸ ነው። ግድግዳው ይቆያል፣ ኪራዩ የየቲም ደብተር ይሆናል።

ሁሉም ይቆይ አንልም

እዚህ ላይ ከወዲሁ መልስ እንስጥ። «ሙስሊሞች ልማት ይቃወማሉ» የሚል ወሬ ሊነዛ ይችላል። በልጅ ላይ ሊወድቅ የተቃረበን ግድግዳ ቅርስ ነው ብለን አንከራከርም። ነፍስ ከድንጋይ ይበልጣል። መሠረቱ የተናጋ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ፣ መንገደኛ ላይ የሚያንዣብብ ቤት ካለ በባለሙያ ታይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነስቶ፣ ልኬቱ ተመዝግቦ፣ ባለቤቱም ሐቁን አግኝቶ ይውረድ። ድንጋዩም ለሚሠራው አዲስ ቤት ይዋል እንጂ ወደ ገደል አይጣል።

ግን ደግሞ ማንኛውም ግንበኛ የሚያውቀውን እንናገር። የድንጋይና የጭቃ ቤትን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ዕድሜ አይደለም፤ ውኃ ነው። ጣሪያው ካልተቀደደና ፈሳሹ ከመሠረቱ ከራቀ ግድግዳው ባለቤቱን አስረጅቶ ልጁንም ያስጠልላል። ቆርቆሮ ያልተቀየረለት ቤት በጥቂት ክረምት ጭቃው ታጥቦ ይፈታል። ስለዚህ «አርጅቷል» ከሚባሉት ቤቶች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ቆርቆሮ፣ ማገርና የውኃ መውረጃ ነው። ሙሉ ቤት አፍርሶ ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሽ ወጪ ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ፋሲል ግቢ ውስጥ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ለጥንቱ ግንብ ሳይስማማ ቀርቶ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሱ በኖራ ተክተውታል። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍናል። የሰፈራችንን ቤት የሚጠግን ሰው ይህንን ይያዝ። አሮጌ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን ለዓይን ያምራል፣ ለግድግዳው ግን ቀስ ብሎ የሚሠራ መርዝ ነው።

ባዶ የቀሩ መንደሮች ምን ይነግሩናል?

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ብዙም ሳይርቁ ወለቃ አለች። ከእኛ አያቶች ጋር በአንድ ጉባኤ ውሳኔ ተለይተው የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን መንደር ናት። ሕዝቡ ወደ እስራኤል ሄደ። ዛሬ እዚያ የሚቆም መንገደኛ የሚያገኘው ምልክት፣ አሮጌ ምኩራብና የሸክላ ምስሎች የሚሸጡ ሰዎችን ነው። በመንደሩ የኖረውን ሰው፣ የሠራውን እጅ፣ የተሟገተበትን ድንበር የሚነግር የለም። ሕዝቡ ከሄደ በኋላ ቤት ብቻውን ታሪክ አይናገርም።

ወደ ላይ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ስንወጣ ደግሞ ጊች አለ። በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ የነበረች፣ ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ሙስሊሞች የሆኑ የደጋ መንደር ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። በ2016 በጊች ይኖሩ የነበሩት 418 አባወራዎች፣ በድምሩ 2,508 ሰዎች፣ ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋ ዝርዝሩ ወጣ። ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው ደስ ይለናል። ግን በደጋው ላይ የሚገብስ እርሻ፣ ከብትና ጎረቤት የነበረው ሰው በከተማ ዳር ቤት ውስጥ በምን ሊተዳደር ነው? መንደር ሲነሳ ከካሳው ዝርዝር ውስጥ የማይጻፉ ነገሮች አሉ፤ የጀመዓ ሰላት፣ የቀብር ቦታ፣ የደቦ ጎረቤት። በከተማ ውስጥ ሰፈር ሲፈርስም የሚጠፋው ይኸው ነው። በየካቲትና በመጋቢት 2016 በአዲስ አበባ ፒያሳ ሰፈሮች ሲነሱ ያየነው ይህንን ነበር።

ሌላ መንገድ ግን አለ። ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የተመዘገበው ግንቡ ብቻ አልነበረም። ሰዎች የሚኖሩባቸው የጌ ጋር ቤቶች፣ መስጂዶቹና ጠባብ መንገዶቹ አብረው ተመዘገቡ። የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው አሮጌ ሕንጻ ደግሞ ታድሶ ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ይገኝበታል፤ የሐረርን የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲምና ልብስ ለትውልድ ያሳያል። አንድ ሰው የሰበሰበው ቅርስ አንድ አሮጌ ቤት ሲያገኝ ለከተማ የሚበቃ ትምህርት ቤት ሆነ።

በካይሮ ደርብ አልአሕመር በሚባለው ድሃ ሰፈር በአሮጌው የከተማ ቅጥር ጥግ ያሉት ቤቶች ይፍረሱ የሚል ዕቅድ ነበር። በኋላ የአጋ ኻን የባህል ተቋም በአካባቢው ሥራ ሲጀምር ቤቶቹን ከማፍረስ መጠገንን መረጠ። የሰፈሩ ወጣቶች አናጢነትና ግንበኝነት ተምረው የራሳቸውን ሰፈር አደሱ። ይኸው ተቋም በዛንዚባር ሊፈርስ የደረሰውን አሮጌ የሕክምና ጣቢያ አድሶ ለአገልግሎት መልሶታል። እነዚህ ከእኛ የበለጸጉ ሰፈሮች አልነበሩም። የተለዩት በአንድ ነገር ነው፤ ከማሽኑ በፊት መዝገብ ይዘው ወጡ።

ሕጉ ምን ይፈቅድልናል?

ትግላችን ሰላማዊና ሕጋዊ ነው ስንል በቃል ብቻ መሆን የለበትም። ሕጉን ማወቅ አለብን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት የታሪክና የባህል ቅርሶችን የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለበት፣ በአንቀጽ 40 ደግሞ ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መከፈል እንዳለበት ይደነግጋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ምዝገባንና ጥበቃን ሥርዓት አበጅቷል። የመሬት ይዞታን ለሕዝብ ጥቅም ስለማስለቀቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አንቀጽ አለው፤ መልሶ ማልማት በሚደረግበት ቦታ ያለ ባለይዞታ በግሉም ሆነ ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ ቦታውን ለማልማት ቅድሚያ መብት አለው። ይህንን መብት ሳይጠይቁ ካሳ ብቻ ተቀብሎ መውጣት በራስ ላይ በር መዝጋት ነው።

ወደ ራሳችን ቤትም እንመለስ። መጅሊሱ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ ንብረት በስሙ መያዝ ይችላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በተከራካሪዎች ፈቃድ ውርስን፣ ስጦታንና ወቅፍን የማየት ሥልጣን አላቸው። መሣሪያው በእጃችን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ምን እንጠይቃለን? ምንስ እንሥራ?

ከከተማ አስተዳደሩ የምንጠይቀው ይህንን ነው። ነባር ሰፈሮች ውስጥ ማሽን ከመግባቱ በፊት የተዘጉ ቤቶች ዝርዝር በግልጽ ይለጠፍ። ከባለቤቶች፣ ከወራሾችና ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ምክክር ይደረግ። የቅርስ ባለሙያዎች ቤቶቹን ይዩ፤ የሚጠገነውና የሚነሳው ይለይ። የቀበሌ ሆነው ተዘግተው የቆሙ ቤቶች ለመድረሳ፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለድሆች መኖሪያ ሊያድሷቸው ለሚችሉ የሰፈሩ ተቋማት በውል ይሰጡ። ይህ የሙስሊም ብቻ ጥያቄ አይደለም። በአሮጌ ሰፈር የሚኖረው ክርስቲያን ጎረቤታችንም ጣሪያው እንደኛው ያፈሳል፤ ጥያቄውን አብረን እናቅርብ።

ለመስጂድ ኮሚቴዎችና ለመጅሊሱ መዋቅር ደግሞ ይህንን እንላለን። በየመስጂዱ ዙሪያ ያሉ አሮጌ ቤቶችን የሚመዘግብ ደብተር ይከፈት። ቤቱ የማን ነበር፣ አሁን በማን ስም ነው፣ ካርታ አለው ወይ፣ ጣሪያው እንዴት ነው ተብሎ ይጻፍ። ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፤ እነሱ የሚያውቁት በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ውስጥ የለምና። አሮጌ መስጂድን ወይም መድረሳን አፍርሶ ፎቅ ለመሥራት የሚያስብ ኮሚቴ ካለ ቆም ብሎ ያስብ። ሌሎች ታሪካችንን አፈረሱብን እያልን በገዛ እጃችን በኪራይ ሱቅ ልንለውጠው አይገባም።

ለወራሾች የምንለው አጭር ነው። ውርሱን አከፋፍሉ። የእህቶቻችሁን ሐቅ ስጡ። መስማማት ካልቻላችሁ ወደ ቃዲ ሂዱ። ከጎንደር ርቃችሁ የምትኖሩ ካላችሁ ውክልና ላኩ። መጠቀም የማትፈልጉትን ድርሻ ወቅፍ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ሰው ከሞተ በኋላም የማይቋረጥ አጅር ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። የተቆለፈ በር ግን ለሟችም ለቋሚም አጅር የለውም።

ለወጣቶች፦ በየሰፈራችሁ አናጢ፣ ግንበኛ፣ ኢንጂነር፣ የሕግ ተማሪ አለ። ከቀጣዩ ክረምት በፊት በየሰፈሩ አንድ አንድ ጣሪያ እንኳ ብትሸፍኑ አንድ ቤት ታተርፋላችሁ። ምስል አንሱ፣ ልኩ፣ መዝግቡ። ማሽን ሲመጣ ግን ድንጋይ አታንሱ፤ ወረቀት አንሱ። በግንቦት 2015 በሸገር ከተማ የመስጂዶች ፈረሳ ምክንያት በአንዋር መስጂድ ድምፁን ሲያሰማ የወደቀውን ወገናችንን አንረሳም። ደም በርካሽ እንዳይፈስ መጠበቅም የትግሉ አካል ነው። ማስረጃ የያዘ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢናገርም ይሰማል።

ውድ ጀመዓዎች! ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ከቀሃ ወንዝ አጠገብ የኖረ ሕዝብ ነን። ያሰፈሩን ሰዎች ለክብር ብለው አላሰፈሩንም፤ አባቶቻችን ግን ቦታውን በአዛን፣ በንግድና በቀለም አከበሩት። አሁን የቀረው ጥያቄ የልጅ ልጆቻቸው ቤቱን ያውቁታል ወይ የሚለው ነው። የምናውቀውን ቤት ማንም «ባዶ» ሊለው አይችልም።

አላህ (ሱ.ወ) የሁሉንም ሐቅ ጠባቂዎች ያድርገን፤ ለከተማችን ሰላምን፣ ለመሪዎቿ ፍትሕን፣ ለእኛም ሶብርን ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።